25 ኪሎ ዩሪያ 8 ኩንታል ከሰጠ፣ 100 ኪሎ ስንት ይሰጣል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቡሬ ዙሪያ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጥማድ በቆሎ ላይ 25 ኪሎ ዩሪያ ጨምሬ 8 ኩንታል አገኘሁ። ጎረቤቴ በአንድ ጥማድ 50 ኪሎ ጨምሮ 12 ኩንታል አስገባ። ዘንድሮ ጨከን ብዬ 100 ኪሎ ልጨምር አስቤያለሁ። በእኔ ሒሳብ 25ቱ 8 ከሰጠ 100ው 32 ኩንታል ይሰጣል። ጎረቤቴ 16 ያልሞላለት መሬቱ ስለደከመ ነው እላለሁ። አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ደግሞ ደብተሩ ላይ መስመር አስምሮ ‹አባየ፣ 20 ነው የሚሆነው› አለኝ። ወፍጮ ቤት እጥፍ ባስፈጭ እጥፍ እከፍላለሁ። መሬትስ ለምን እንዲያ አይሆንም? ከሁለታችን ማን ነው ልክ?»

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም። ልጅዎ ግን ከእርስዎ ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርቧል። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፦ በአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር ገደማ) 100 ኪሎ ዩሪያ አይጨምሩ። ገንዘብዎን ያባክናሉ፤ መሬትዎንም ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ምክንያቱ ረዘም ይላል፤ ታግሰው ያንብቡት።

ከእርስዎ ሒሳብ ልጀምር። ስህተቱ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። 8ቱንም ኩንታል የሰጠው ዩሪያው ነው ብለው ተነሥተዋል። ዩሪያ ጭራሽ ባይነካው ኖሮ መሬቱ ባዶውን ይቀር ነበር? አይቀርም። ቀጫጫም ቢሆን በቆሎ ይበቅላል፣ ትንሽም ቢሆን እህል ይገባል። ስለዚህ ከ8ቱ ኩንታል ውስጥ የመሬቱ የራሱ ድርሻ አለ። እሱን ሳይቀንሱ 8ን ለ25 ካካፈሉ፣ ዩሪያው ያልሠራውን ሥራ ለዩሪያው እየሰጡት ነው።

ልጅዎ ይህን ሳያውቀው አስተካክሎታል። ከ25 ወደ 50 ኪሎ ሲኬድ ምርቱ ከ8 ወደ 12 ኩንታል ወጣ። 25 ኪሎ ዩሪያ 4 ኩንታል ጨመረ ማለት ነው፤ በአንድ ኪሎ 16 ኪሎ በቆሎ። መስመሩን ወደ ኋላ፣ ዩሪያ ዜሮ ወደሆነበት ስቦ ቢያየው 4 ኩንታል ላይ ያርፋል። የመሬቱ የራሱ ድርሻ ያ ነው። በትምህርት ቤት 16 ኪሎውን ስሎፕ፣ 4ቱን ኩንታል ኢንተርሴፕት ይሉታል። ይህ መስመር እውነት ቢሆን ኖሮ ጎረቤትዎ 12 ማግኘቱ ምንም የሚያስገርም አልነበረም። መሬቱ ስለደከመ ነው የሚለው ምክንያትም ባላስፈለገ።

ስለ ወፍጮ ቤቱ ያነሡት ጥሩ ነጥብ ነው። ወፍጮ ቤት በኪሎ ነው የሚያስከፍለው። ምንም ካላስፈጩ ምንም አይከፍሉም፤ እጥፍ ካስፈጩ እጥፍ ይከፍላሉ። እዚያ የእርስዎ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። አሁን ደግሞ በቆሎዎን ቡሬ ገበያ ለማድረስ አይሱዙ ተከራዩ እንበል። የመኪናው ኪራይ 10 ኩንታልም ጫኑ 40 ያው ነው። ጫኝና አውራጅ ግን በኩንታል ይከፈላቸዋል። ይህም ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኩንታል እኩል ገንዘብ ይጨምራል። ነገር ግን ጭነቱን እጥፍ ቢያደርጉ ወጪው እጥፍ አይሆንም፣ ኪራዩ ቋሚ ነውና። «መስመሩ ቀጥ ያለ ነው» ማለትና «አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ ይሆናል» ማለት አንድ አይደሉም። ይህንን ሰው ሁሉ ይቀላቅለዋል፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆችም ጭምር።

ከአይሱዙው ሳንወርድ ሌላ ነገር ልብ ይበሉ። መኪናው የሚጭነው 50 ኩንታል ነው እንበል። መስመሩ እስከ 50 ድረስ ምንም ዝንፍ አይልም። 51ኛው ኩንታል ላይ ግን ሁለተኛ መኪና ያስፈልጋል፤ ወጪው በአንዴ ይዘላል። ከ10 እስከ 50 ያለውን ብቻ ያየ ሰው የ60ን ወጪ በዚያው መስመር ቢገምት ይከስራል። መስመሩ አልዋሸውም። ሰውየው ነው መስመሩ ወደማያውቀው ቦታ ጎትቶ የወሰደው።

የተፈጥሮ መስመሮችም እንዲሁ ድንበር አላቸው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ያውቁታል። ደጀን ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ልብሱን ያወልቃል። አየሩ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚለዋወጥ ነው። ከደጀን እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ 8 ወይም 9 ዲግሪ ልዩነት ይጠብቃሉ። የውኃ መፍላትም ከከፍታ ጋር ይሄዳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች በ92 ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ማገዶ የሚፈጁት ለዚህ ነው። ይሁንና ያንን የ6.5 ዲግሪ መስመር ያለ ገደብ ወደ ላይ ብንጎትተው ይሰበራል። በእኛ አካባቢ ሰማይ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቅዝቃዜው መጨመሩን ያቆማል፤ ከዚያ በላይ እንዲያውም መልሶ ይሞቃል።

አሁን ወደ ልጅዎ መስመር እንመለስ። ችግሩ ስሌቱ አይደለም፤ ስሌቱ አንዲት ስህተት የለበትም። ችግሩ መስመሩ የተሠመረው በሁለት ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለት ነጥብ ካለ ማስመሪያ ሁልጊዜ ይገጥማል፤ የፈለጉትን ሁለት ነጥብ ይስጡት ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። እውነተኛው ግንኙነት ቀጥ ያለ ይሁን የጎበጠ፣ ሁለት ነጥብ ሊነግርዎ አይችልም። ፍንጭ መስጠት የሚጀምረው ሦስተኛው ነጥብ ነው፤ አራትና አምስት ሲሆን ደግሞ ይሻላል።

ከዚያ የከፋው ግን ሁለቱ ነጥቦች ከሁለት የተለያዩ ማሳዎች መምጣታቸው ነው። አንዱ የእርስዎ፣ አንዱ የጎረቤትዎ። ያ የ4 ኩንታል ልዩነት ሁሉ የዩሪያ ሥራ ነው ወይ? ቁጥሩን ጠጋ ብለን እንየው። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። 25 ኪሎ ተጨማሪ ዩሪያ ማለት 11 ኪሎ ተኩል ናይትሮጅን ነው። ጎረቤትዎ በዚህ 400 ኪሎ በቆሎ ከጨመረ፣ አንድ ኪሎ ናይትሮጅን ወደ 35 ኪሎ በቆሎ ሰጠ ማለት ነው። ይህ በጣም ይበዛል። በደንብ በተያዘ ማሳ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ 25 ኪሎ ከተገኘ እሰየው ነው። በዚህ ስንሄድ ዩሪያው የሰጠው ቢበዛ 3 ኩንታል ገደማ ነው። ቢያንስ 1 ኩንታል የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ከየት? ጎረቤትዎን ይጠይቋቸው። ማሳቸው ለቤት ቅርብ ነው? ፍግና አመድ የሚደፋበት መሬት ነው? ከበቆሎው በፊት ባቄላ ወይም ግብጦ ነበረበት? ከእርስዎ አንድ ሳምንት ቀድመው ዘርተዋል? ዘሩ የዓመቱ ምርጥ ዘር ነው ወይስ ከጎተራ የወጣ? አረሙን ስንት ጊዜ አረሙ? ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢለይ ልዩነቱን ለዩሪያ ብቻ መስጠት አይቻልም። እርስዎ የጎረቤትዎ መሬት ደክሟል ብለው ነበር። ቁጥሩ የሚጠረጥረው ተቃራኒውን ነው፤ ምናልባት ከእርስዎ የተሻለ መሬት ይሆናል።

እሺ፣ ሁለቱም ነጥቦች ከአንድ ማሳ መጡ እንበል። ያኔስ እስከ 100 ኪሎ መጎተት ይቻላል? አሁንም አይቻልም። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እንደ ፈረንጆቹ በ1840ዎቹ ያስፋፋው ሐሳብ አለ፦ የሰብልን ዕድገት የሚወስነው በብዛት ያለው ነገር ሳይሆን ከሚያስፈልገው አንጻር ያነሰው ነው። በቆሎዎ ናይትሮጅን ሲርበው ዩሪያ ሲሰጡት ይበላል፣ ያድጋል፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከጠገበ በኋላ ግን የሚያንሰው ሌላ ነገር ይሆናል። ፎስፈረስ፣ ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ወይም የዘሩ የራሱ አቅም። ከዚያ ወዲያ ዩሪያ ቢቆልሉበት መስመሩ ይተኛል። አንድ ኩንታል የበቆሎ ፍሬ ይዞት የሚሄደው ናይትሮጅን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው። 12 ኩንታል ፍሬ ይዞ የሚወጣው 18 ኪሎ ቢሆን ነው። 50 ኪሎ ዩሪያ ደግሞ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ መሬቱ የራሱን ሲጨምርበት አገዳውና ቅጠሉም ድርሻቸውን ያገኛሉ። 100 ኪሎ ሲሆን 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይመጣል። በቆሎው ካልበላው የት ይሄዳል? በምዕራብ ጎጃም የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ምን ያህል እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ከሥሩ በታች አጥቦ ይወስደዋል። መሬት ላይ ተበትኖ ካልተቀበረ ደግሞ በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ይተናል።

ጤፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይብሳል። ጤፍ ላይ ዩሪያ ሲበዛ አገዳው ይለሰልስና ይጋሸባል። የተጋሸበ ጤፍ ምርቱ ይቀንሳል፤ ለአጨዳም ያስቸግራል። እዚያ መስመሩ ተኝቶ አይቀርም፤ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ለበቆሎ የተማሩትን ቁጥር ወደ ጤፍ ማሳ ይዘው አይሂዱ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል፤ እሱም የአፈሩ አሲዳማነት ነው። በአዊ፣ በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ሰፊ መሬት አሲዳማ ሆኗል። ዩሪያ ራሱ ከዓመት ዓመት ሲበዛ አፈሩን የበለጠ አሲዳማ ያደርገዋል። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ይባላል። ከ5.5 በታች ሲወርድ ፎስፈረሱ በአፈሩ ውስጥ ይታሰራል፤ አሉሚኒየም ደግሞ ይፈታና ሥሩን ያቀጭጨዋል። ያኔ ያስገቡት ማዳበሪያ ሁሉ የሚገባውን ያህል አይሠራም። ፒኤች ራሱ በቀጥታ መስመር የማይሄድ መለኪያ መሆኑንም ይወቁ። ፒኤች 5 እና ፒኤች 6 በወረቀት ላይ ጎረቤት ይመስላሉ። 5ቱ ግን ከ6ቱ በአሲድነት 10 እጥፍ ይበልጣል፤ 4 ከሆነ ደግሞ 100 እጥፍ። «በአንድ ብቻ ነው የወረደው» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው።

እንግዲህ ምርጫዎ ምንድን ነው? አንደኛው በ25 ኪሎ መቀጠል ነው። አይከስሩም፣ ግን በቆሎው እየራበው ነው የሚቆየው። ሁለተኛው 100 መጨመር ነው፤ ይህን ከወዲሁ ይሰርዙት። ሦስተኛው ወደ 50 ከፍ ማለትና በራስዎ ማሳ ላይ መለካት ነው። እኔ የምመክረው ይህንን ነው። 50 ኪሎ በጥማድ፣ በሄክታር 200 ኪሎ ማለት ነው። የቀበሌዎ ልማት ሠራተኛ ለእርስዎ አፈር የተለየ መጠን ካላቸው የእሳቸውን ይውሰዱ፤ አካባቢውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

መለካቱን ለልጅዎ ይስጡት። የሚያስፈልገው ገመድ፣ ችካልና ሚዛን ብቻ ነው። ከማሳው መካከል 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች ይከልሉ። የመጀመሪያው ላይ ዩሪያ ጭራሽ አይግባበት። ሁለተኛው 1 ኪሎ፣ ሦስተኛው 2 ኪሎ፣ አራተኛው 3 ኪሎ ያግኝ። ጥማዱን 2,500 ካሬ ሜትር ብለን ስናሰላ እነዚህ በጥማድ 0፣ 25፣ 50 እና 75 ኪሎ ማለት ናቸው። ሌላው ሁሉ ለአራቱም አንድ ይሁን፦ ዘሩ፣ የተዘራበት ቀን፣ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ፣ አረሙ። አቅም ካለዎት ያንኑ አራት ቁራጭ በማሳው ሌላ ጥግ ላይ ይድገሙት። አንድ ቁራጭ ምስጥ ወይም ጦጣ ቢያበላሸው ሌላው ይተርፋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ማሳው ተዳፋት ከሆነ ባለ ዜሮው ቁራጭ ከባለ 3 ኪሎው በታች አይሁን፤ ጎርፉ የላይኛውን ዩሪያ ይዞ ይወርድበታል። አራቱን ጎን ለጎን፣ ዳገቱን አቋርጠው ይደርድሯቸው። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሜትር ይተዉ፤ ሥር ድንበር አያውቅም። ዩሪያውን በአንዴ አይጨርሱት። ሲሦውን በዘር ጊዜ፣ የቀረውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ በሽልሻሎ ሰዓት ይስጡት። ከአገዳው ትንሽ ራቅ አድርገው ዙሪያውን ይዝሩትና አፈር ያልብሱት። ደረቅ መሬት ላይ በትኖ መሄድ ገንዘብን ለንፋስ መስጠት ነው።

ምርቱ ሲደርስ የእያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ሰብስበው፣ አድርቀው፣ ፈልፍለው ይመዝኑ። ያገኙትን ኪሎ በ25 ቢያበዙት የጥማዱ ይወጣል። 48 ኪሎ ከወጣ 12 ኩንታል ነው። አሁን ልጅዎ አራት ነጥብ አለው። ማስመሪያውን ከማንሣቱ በፊት ግን እያንዳንዱ ኪሎ ዩሪያ ስንት ኪሎ በቆሎ እንደጨመረ ለየብቻ ይጻፍ። ለምሳሌ ያህል ቁጥሮቹ 18፣ 30፣ 39 እና 42 ሆኑ እንበል። የመጀመሪያው ኪሎ 12 ጨመረ፣ ሁለተኛው 9፣ ሦስተኛው 3። እኩል እኩል ቢጨምሩ ኖሮ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ እስከ 75 ድረስ ያለውን ብቻ ግን ነው ያወቁት። በዚህ ምሳሌ ግን መስመሩ ጎብጧል።

ከዚያ ወደ ገበያ ዋጋ ይሂዱ። አንድ ኪሎ ዩሪያ ለመግዛት ስንት ኪሎ በቆሎ መሸጥ አለብዎት? 3 ኪሎ ከሆነ፣ በምሳሌያችን ሦስተኛው ኪሎ ዩሪያ ያመጣው የራሱን ዋጋ ብቻ ነው። ድካምዎና የትራንስፖርቱ ወጪ በኪሳራ ይቆጠራል። ማቆሚያው ሁለተኛው ኪሎ ላይ ነው። የመጨረሻውን ምርት ሳይሆን የመጨረሻው ኪሎ የጨመረውን ይመልከቱ የምለው ለዚህ ነው። ዋጋው በየዓመቱ ስለሚቀያየር ይህን ስሌት በየዓመቱ ዩሪያ ከመግዛትዎ በፊት ይሥሩት። ዘሩን ሲቀይሩም፣ ዝናቡ የተለየ ዓመት ሲሆንም ቁጥሩ ይለወጣል። የአንድ ዓመት ልኬት መነሻ ነው እንጂ የዕድሜ ልክ ሕግ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቢደጋግሙት ይጠራል።

በ100 ኪሎው ዕቅድዎና በ50 መካከል ያለው የ50 ኪሎ ዩሪያ ገንዘብ እጅዎ ላይ ይቀራል። በእሱ ምርጥ ዘር ካልገዙ ይግዙ። በዚህ በጋ ደግሞ ከማሳው ከተለያየ ቦታ አፈር ወስደው፣ ቀላቅለው፣ በልማት ሠራተኛው በኩል ያስመርምሩ። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ከወጣ ገንዘቡን ኖራ ላይ ያውሉት። ኖራው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ስለዚህ ውጤቱን እስከ ግንቦት አይጠብቁ፤ አፈሩን ከጥምቀት በኋላ ሳይዘገዩ ይላኩት።